ለዓሦቹ የተሰጠ ምትክ ቦታ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ዓመት በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ሰው ሞቷል። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ታስረው ነበር፤ አንደኛው ሲፈታ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ያ ክፍሉን ያናውጥ የነበረ ሳቁ ጠፍቶ ነው የተመለሰው። እኔ ደግሞ ልጽፍ የተቀመጥኩት ከሌባ ጣቴ ስለማይረዝም ዓሣ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አራተኛውን ያልቀደድኩት ነገሩ ድንገት ትልቅ ሆኖ ስለታየኝ አይደለም። በዚያ ክረምት በኔ እጅ ጽሕፈት ከወጡት ወረቀቶች አብዛኞቹ ውሸት ነበሩ፤ ቢያንስ ውሸቱ እንዴት እንደተጻፈ በትክክል ላስቀምጥ ብዬ ነው።

የ2008 ክረምት ነበር። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ የቀረ ነገር ያየ ግን አልነበረም። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ታክሲ መኖሩን በስልክ ሳያጣራ ጫማውን አያስርም። መርካቶ መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸው ነው እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጠቅልለን ሰበታ የገባነው። ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ሱዚ ስዘል ስለለመድኩት መቼ እንደቻልኩት አላስታውስም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጥቶባቸው፣ ተሰርዞባቸው፣ እንደገና ከተፈተኑት ልጆች አንዷ ነኝ። ውጤት እስኪመጣ ሥራ ፈትቼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሥራ መፍታት ደግሞ አልችልበትም። አንድ ሰው አንድ ነገር አዞኝ "እሺ" ካላልኩ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም።

ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ በየማለዳው በጆግ ወተት ያመጡልናል። ሰፈሩ "ኦቦ" ይላቸዋል፤ እኔ "አባባ" እላቸዋለሁ። መሬታቸው ለጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ተወስዷል። ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል ተብለው ስማቸው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ጠፋ ይባላሉ፣ ዝርዝሩ ተገኘ ይባላሉ፣ ዝርዝሩ እየተጣራ ነው ይባላሉ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እየተጣራ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስም እየተጣራ ነበር። የቀሯቸው አራት ላሞችና መልካው ናቸው። መልካ በኛ አካባቢ ወንዙ ሰፋ ብሎ በጠጠር ላይ የሚሮጥበት፣ ሰው የሚሻገርበት፣ ከብት የሚጠጣበት ቦታ ነው። በአጥርና በግንብ መካከል ወደ ውኃው የምታደርስ መንገድ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። መልካው ከተዘጋ ላሞቹ ይሸጣሉ። ላሞቹ ከተሸጡ እሳቸው፣ አባቴ እንደሚለው፣ ኮፍያ አድርገው የገዛ መሬታቸው በር ላይ ዘበኛ ይሆናሉ።

ፋብሪካው የፈለገው ደግሞ መልካውን ነው። ውኃ የሚስብበትን ፓምፕ ሊተክል የተነሳው እዚያው ላይ ነበር። ይሁንና የፈቃዱ ወረቀት ላይ አንድ እንቅፋት ተጽፏል፦ በመልካው ጠጠር ውስጥ ከዓለም ሊጠፋ የተቃረበ ትንሽ ዓሣ ይኖራል፤ ስለዚህ ፋብሪካው አስቀድሞ ለዓሣው ሌላ መኖሪያ መሥራት፣ ማዛወር፣ መላመዱንም በሪፖርት ማረጋገጥ አለበት። ያ ሳይሆን መልካው አይነካም።

ዓሣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቁር ነው፤ ከአገጩ ሥር ባለ መምጠጫ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ልጆች ሆነን እያላቀቅን ክንዳችን ላይ እንለጥፈው ነበር። ብርቅ መሆኑን ማንም አልነገረንም። ቢነግሩን ምናልባት እናከብረው ነበር፤ ምናልባት።

እኔን የቀጠረኝ ፋብሪካው ለዓሣው ጉዳይ ያመጣው አማካሪ ነው። ከአዲስ አበባ በፒካፕ የሚመላለስ፣ ቦት ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰው ነበር። ሙያው የእንስሳት ነገር እንጂ ግንባታ አይደለም፤ ግን የራስ ቁር ስለሚያደርግ ሠራተኛው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለዋል፤ እሱም "አይደለሁም" ብሎ አያውቅም።

"ዓሣ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። ጥብሱን ማለቴ ነበር።

"ኦሮምኛስ?"

"አዎ።"

"ጽሕፈትሽን አሳዪኝ።"

ስሜንና አድራሻዬን ጻፍኩለት። "ምርጥ! ነገ ሳይት ነይ" አለ። ሥራዬ ዓሦቹን መቁጠር፣ ሪፖርት መጻፍና ከሰፈሩ ሰው ጋር ማስተርጎም ሆነ። ቢጫ ሰደርያ ሰጡኝ። ከጉልበቴ በታች ይደርሳል፤ ሆኖም ለብሼው ሰፈር ውስጥ ሳያስፈልግ ሁለቴ ተመላለስኩ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

ለዓሦቹ የተሠራው መኖሪያ ከመልካው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ የተቆፈረ ኩሬ ነው። ጥቁር ላስቲክ አነጠፉበት፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ገነቡት። ድንጋዮቹም እንዳይንቀሳቀሱ በሲሚንቶ ተጣበቁ፤ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ የሚንቀሳቀሰው በጥንቃቄ ጉድለት ይመስል። ውኃው እንዲሮጥ በጄኔሬተር የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ተገጠመለት። የራሷን ውኃ በነጻ የምታስሮጥ ወንዝ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ ለማስሮጥ ናፍጣ የሚያቃጥል ኩሬ በዓለም ላይ ሌላ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። እኔ ያየሁት ሳይንስ ነበር።

አባባ የኩሬውን ዳር በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ "ንገሪው እስቲ ለዚህ ሰው" አሉኝ በኦሮምኛ። "በክረምት ዓሣ ማን ይይዛል? ውኃው ደፍርሷል። ይጥራ፣ ከመስቀል በኋላ ይያዝ።"

ተረጎምኩ። አማካሪው ፈገግ አለ። "አመሰግናለሁ በያቸው። ሐሳባቸውን እንደ ግብአት ወስደነዋል።"

ይህንንም ተረጎምኩ። "ግብአት" ለሚለው ኦሮምኛ ስላጣሁለት "ይወስዱታል" አልኳቸው። "መውሰድስ ያውቁበታል" አሉ።

ዓሦቹ የተያዙት በአጎበር ነው። የወባ መከላከያ አጎበር፣ ያ ነጩ። አራት የቀን ሠራተኞች እስከ ወገባቸው ድፍርስ ውኃ ውስጥ ገብተው ይጎትታሉ፤ የመጣውን በባልዲ ወደ ኩሬው ያመላልሳሉ። አንዷ ሠራተኛ ባልዲዋን ስትገለብጥ እልል አለች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው! ሳይመዘገቡ፣ ሳይቆጥቡ ዕጣ ወጣላቸው። እኔ አሥር ዓመት ተመዝግቤ አለሁ።"

"ስንተኛ ፎቅ ነው?" አለ አንዱ ከወንዙ ውስጥ።

"ግራውንድ ነው፤ ውኃ የማይቋረጥበት!"

እኔ አልሳቅሁም። ቁጥር እንዳይጠፋብኝ እየቆጠርኩ ነበር።

ባልዲው ባዶ መመለስ ሲጀምር አማካሪው "ሁሉም ተዛውረዋል" ብሎ አስጻፈኝ። ሁሉም መሆናቸውን በምን እንዳወቀ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅሁም። ደብተሬ ላይ "ሁሉም" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። የኔ ድፍረት ያን ያህል ነበር።

ቀጥሎ የታፔላው ነገር መጣ። አማካሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ረጅም ሐረግ ሰጠኝና "ይህን ሕዝቡ በሚገባው አማርኛና ኦሮምኛ አድርጊልኝ፤ ምረቃ አለብን" አለ። ፍሬ ነገሩ፣ ከቦታቸው ለተነሡት ዓሦች በለውጥ የተዘጋጀ መኖሪያ የሚል ነው። ሁለት ቀን ፈጀሁበት። "መኖሪያ" ብቻ ስል ጎደለ። "መጠለያ" ስል ጎርፍ አደጋ መሰለ። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ስሄድ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነገር አነባለሁ፤ የንባብ ፍጥነቴን ያዳበርኩት በሱ ነው ማለት ይቻላል። ከቦታው ለተነሣ በለውጥ የሚሰጠው ነገር ስም እዚያ በትልልቁ ተጽፏል። እንዴት ሳላስበው ቆየሁ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ወደ ቤት ሮጬ ጻፍኩት፦

"ሊጠፉ ለተቃረቡ ዓሦች የተሰጠ ምትክ ቦታ።"

ከሥሩ ኦሮምኛውን፣ ያንኑ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል ተጠቅሜ፣ አሰፈርኩ። አማካሪው አነበበና "ምርጥ! ኦፊሻል ይመስላል" አለኝ። በቆርቆሮ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጻፈ። እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ሳልፍ ሳገድም አየው ነበር። በሕይወቴ የተለጠፈልኝ የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው።

ለምረቃው ድንኳን ተተከለ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ፊት ለፊት ከውጭ አገር የመጣው የፋብሪካው ኃላፊና እንግዶች፣ ከኋላ መሬታቸው የተወሰደባቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ የተጠሩት ለፎቶ ነው፤ "ማኅበረሰቡ" የሚል መግለጫ ከሥሩ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ገና ፎቶው ሳይነሣ። ኃላፊው ሪባኑን ቆረጠ። አማካሪው "ታፔላውን ለማኅበረሰቡ አንብቢላቸው" አለኝ። ሰደርያዬን አስተካክዬ፣ ማይኩን ተቀብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ አነበብኩ።

አንዱ ሽማግሌ ጆሮውን በእጁ ደገፈ። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ማል ጄቴ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉ። ምን አልሽ፣ ልጄ፣ ማለታቸው ነው። "ድገሚው።"

ደገምኩት። ስደግመው፣ በግማሹ ላይ፣ ምን እንደጻፍኩ ገባኝ። ደምና ሥጋ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ሰዓት አስቀድሞ በገባው ነበር። ለኔ የገባኝ ማይክ ይዤ ነው።

"ምትክ ቦታ ለዓሣ?" አሉ አባባ፣ አሁን በአማርኛ፣ ኃላፊው እንዲሰማ። "እሰየው። ስንት ካሬ ደረሳቸው?"

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ።

"ካርታ አላቸው?" አለ ሌላው ሽማግሌ።

"በቤተሰብ ብዛት ነው ወይስ በይዞታ?"

"ኮሚቴ ማን ነበረላቸው? ስሙን ንገሩንና እኛም እንለምነው!"

"ኧረ ዝርዝሩ ሳይጣራ እንዴት ተሰጣቸው? ይጣራ እንጂ!"

"ተው፣ አትነካኳቸው፤ ነገ ውኃና መብራት ይገባላቸዋል።"

"ውኃስ ገብቷል!" አለች ያቺ የቀን ሠራተኛ ከአጥር ውጭ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጠ።

ኃላፊው አማርኛ ብዙም አይሰማ ነበር። ሰው የተደሰተ መስሎት አብሮ ሳቀ፤ አጨበጨበም። አማካሪው ግን ፊቱ ጠቆረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሌላ ቃል አልነበረም?" አለኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ ነገር መካከል የተጨነቅሁት እሱ ስለተቀየመኝ ነበር። ማታ አባቴ ነገሩን ከታክሲ ውስጥ ሰምቶት ገባ። "የኔ ልጅ" አለኝ እየሳቀ፣ "ሰው ሁሉ ሊናገር የፈራውን አንቺ በቆርቆሮ ጻፍሽው። በስህተት መሆኑ ነው እንጂ ጀግና ነበርሽ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሦቹ በሰፈሩ ቋንቋ "ባለምትኮቹ" ሆኑ።

ባለምትኮቹ መሞት የጀመሩት በሳምንቱ ነው። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲያልቅ ይቆማል፤ ውኃውም አብሮ ይቆማል። ዝናቡ አዲሱን ሲሚንቶ እያጠበ ኩሬው ውስጥ ይከተዋል። በየትኛው እንደሞቱ አላውቅም። ጠዋት ስሄድ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ላስቲኩ ዳር ተሰብስበው አገኛቸዋለሁ። ለቅሜ ነጭ ሳህን ላይ እቆጥርና በሃምሳ ሉክ ደብተሬ እጽፋለሁ፦ ዛሬ ይህን ያህል ሞተዋል፣ ይህን ያህል በሕይወት አሉ። ትምህርት ቤት የለመድኩት እንደዚያ ነው፤ አስቀድሞ በረቂቅ፣ ቀጥሎ በንጹሕ። ረቂቁን ቤት አስቀምጣለሁ፤ ንጹሑ ለቢሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ንጹሕ ሪፖርት አማካሪው አንብቦ መለሰልኝ።

"'ሞተዋል' አይባልም።"

"ምን ይባላል?"

"ሂደት ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ በሂደት ላይ ይቀንሳሉ። አንቺ የተረፉትን ነው የምትጽፊው። የተረፉት ምን ሆነዋል?"

"አሉ።"

"ተላምደዋል! ጻፊ፦ ተላምደዋል።"

"ነገ እነሱም ከሞቱስ?"

"ዛሬ ነው የምትጽፊው ወይስ ነገ?"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሪፖርቶች ሁሉ በዚያች ቃል ያልቃሉ። ኩሬው ውስጥ ሦስት ዓሣ የቀረ ቀንም ተላምደዋል። ምንም ያልቀረ ቀንም ጻፍኩ፤ ባዶ ውኃ ተላምዷል። እውነት ነው፣ ያ ውኃ የትም አልሄደም።

ጠዋት ጠዋት አባባ ወተቱን ሲያቀብሉኝ ይጠይቁኛል።

"አካም ቡልተን፣ አባባ?" እላለሁ እጅ ነስቼ።

"ነጋ ዳ። ባለምትኮቹስ እንዴት አደሩ?"

"ደኅና ናቸው።"

"ደኅና ናቸው" ይላሉ ቀስ ብለው፤ ፊቴን ያያሉ። አንድ ቀን ግን ጆጉን ሳይለቁ ያዙት። "እኔ መልካው ላይም አያቸዋለሁ እኮ። ላሞቹ ሲረግጡ ጠጠሩ ይገለበጣል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ እነሱ እዚያ ላይ ይለጠፋሉ። ምትክ ወስደው የድሮውንም አለቀቁም። ጉደኞች ናቸው።"

ያኔ ነው ነገሩ በሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው። አጎበሩ ያወጣው ላይ ላዩን ነው፤ ሌሎቹ ከድንጋዩ ሥር ነበሩ። መልካው ላይ ዓሣ አለ ከተባለ መልካው አይነካም፤ የሳቸው ላሞችም ይጠጣሉ። ዓሣ የለም፣ ኩሬው ውስጥ ተላምዷል ከተባለ ግን መልካው ይታጠራል። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። በንጹሕ።

ያወቅሁት ነሐሴ ላይ ነው። በነሐሴ ምንም አላደረግሁም። ሰደርያዬን ለብሼ ሥራ ሄድኩ።

በመስከረም፣ ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻው ቀን ያ ሁሉ ሰው ባለቀ ሳምንት፣ ሰበታ ተነሣች። እኛ ቤት በሩን ዘግተን በመስኮት ጭሱን አየን። ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ አቅጣጫውን ማየት በቂ ነበር። የፋብሪካው መጋዘን ተቃጠለ፤ ቢሮ የነበሩት ኮንቴይነሮች ከነኮምፒውተራቸው፣ ከነሪፖርቶቼ ተቃጠሉ። ስለ ሪፖርቶቼ ስሰማ የተሰማኝ ነገር ሐዘን ነው ብል እዋሻለሁ።

ታፔላው ተረፈ። በኋላ አባባ እንደነገሩን፣ ወጣቶቹ አጥሩን ገንድሰው ታፔላውን ሊሰባብሩ ሲሉ አንደኛው አነበበና፣ "ተው! ይህ ማስረጃ ነው፣ አትንኩት!" ብሎ ጮኸ። ማስረጃውን የሚቀበል ስላልነበረ አባባ በጀርባቸው ተሸክመው ቤት ወሰዱት። የጥጃ ጋጣቸው ያፈስ ነበር፤ ጣራ አደረጉት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ስለሆነ አሁን የሚያነበው ጥጃው ብቻ ነው።

አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። እኔም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ዶርም ገባሁ፤ ለቅዳሜና እሑድ ቤት እመለሳለሁ። ኅዳር ላይ አማካሪው ደወለልኝ።

"ተማሪዋ! እንኳን ደስ አለሽ። ስሚ፣ ሪፖርቶቹ ተቃጥለዋል። ቅዳሜ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር ይመጣሉ። እነሱ ካዩት በማግሥቱ መልካው ላይ ሥራ ይጀመራል። እንግዲህ ሪፖርቶቹን ከትዝታሽ መልሰሽ ትጽፊልኛለሽ። ያው ናቸው፤ ቀኑን ቀያይሪው እንጂ ቃሉ ያው ነው።"

"እሺ" አልኩ።

"ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ለማስተርስ ሁሉ ይጠቅምሻል።"

"እሺ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። ገና አንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ነኝ፤ ማስተርስ!

ዐርብ ማታ ሰበታ ስገባ መልካው አፍ ላይ ኤክስካቫተር ቆሟል። አባባ ግቢያቸው በር ላይ ነበሩ። ስለ ደብተሬ ያውቃሉ፤ መልካው ዳር ተቀምጬ ስጽፍበት ስንት ቀን አይተውኛል። ግን አልጠየቁኝም። "ነገ ነጋዴ ይመጣል" አሉኝ ብቻ፣ "ላሞቹን ሊያይ። አራቱንም እወስዳለሁ ብሏል።" ቀጥለው ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ ምግቡ እንዴት ነው፣ ዶርሙ ይበርዳል ወይ። ቢቆጡኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር።

ደብተሩን አወጣሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ልማዴ ነው፤ ረቂቁን እያዩ ንጹሑን መጻፍ። ቀኑን ጻፍኩ። ቀጥሎ ረቂቁ ላይ ያለውን አየሁ፦ ሞተዋል። እንደዚያው ገለበጥኩት። የሚቀጥለውንም ገለበጥኩ። ጀግንነት አልነበረም፤ መገልበጥ ነበር። በእርሳስ ያደረግኳትን የጥያቄ ምልክት ስደርስባት ግን በእስክሪፕቶ አደመቅኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የመጡት ተቆጣጣሪ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። አማካሪው ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብሎ ሊሰጣቸው እጁን ዘረጋ፤ እኔ ግን በቀጥታ ለሳቸው አቀበልኩ። ቆመው አነበቡ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

"የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ።"

"ኢንጂነሩ ግን ተላምደዋል የሚል ሪፖርት ነበር ብለውኛል።"

"ያም የኔ ነበር" አልኩ። "ያኛው ውሸት ነው።"

አማካሪው ሳቀ። "ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው። ዓሣና እንቁራሪት አትለይም።"

ሴትዮዋ ወደ ኩሬው ሄዱ። ላስቲኩ ተቀዷል፤ ውስጡ አንድ ቦት ጫማና የዝናብ ውኃ አለ። ከዚያ ወደ መልካው ወረዱ፣ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ገቡና አንድ ድንጋይ ገለበጡ። ሁለት ጥቁር ዓሦች ተለጥፈውበታል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አሉ።

"እነዚህ..." አለ አማካሪው፣ "እነዚህ ሌሎች መሆን አለባቸው። ባለፈው ሁሉም ተዛውረዋል።"

"ታዲያ ከየት መጡ?"

አባባ ከላሞቻቸው ጋር ዳር ቆመው ነበር። ቀደም ብለው አጠጥተው ለነጋዴው ሊያቀርቧቸው ነው የነዷቸው። "ምትኩን ሸጠው ተመልሰው ነው" አሉ። "ሰውም እንደዚያ ያደርጋል።"

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። ከዚያ አባባን ብዙ ጠየቋቸው፤ ከብቶቹ በየትኛው በኩል እንደሚገቡ፣ ዓሦቹ በበጋ የት እንደሚሰበሰቡ። የትኛውንም ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እኔም ጭምር፣ በየማለዳው ወተት እየተቀበልኳቸው። ቃለ ጉባኤው በመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ተጻፈ። ጽሕፈቴ ያምራልና የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋ ቃል በቃል አስጻፉኝ። መልካው እንዳይነካ፣ ፓምፑ ከመልካው በታች ወርዶ እንዲተከል፣ የከብት እንቅስቃሴም ጠጠሩን ስለሚያጸዳ ለዓሦቹ መኖሪያ አስፈላጊ በመሆኑ መንገዱ ክፍት እንዲቆይ። ሁሉም ፈረሙ። አማካሪው ሲፈርም ቀና ሳይል፣ "የድጋፍ ደብዳቤሽን እርሺው" አለኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

ለአባባ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙ።

"ዓሦቹ አሉበት" አሉ። "ላሞቹ አሉበት። እኔስ?"

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እሳቸው የሉበትም። የተወሰደ መሬታቸው የለበትም፤ ዝርዝሩም የለበትም።

"አልተጠቀሱም፣ አባባ።"

"እንግዲህ የዓሣ ደባል ሆንኩ" አሉ። "ለኪራዩ ወተት ይጠጡ ከሆነ ጠይቂልኝ።" ነጋዴው መንገዱ ላይ ደርሶ ነበር። ገና ከሩቅ እጃቸውን አወናጭፈው መለሱት፤ ላሞቹን አዙረው ነዱ። የገለበጥኩት እውነተኛ ቃል ሁሉ ለዓሦቹ ሠራ፤ ለሳቸው የሠራው በዓሦቹ በኩል ነው። ምትክ ቦታቸው ይህን እስከምጽፍ ድረስ እየተጣራ ነው።

ከቃለ ጉባኤው ራስጌ ላይ ቦታና ቀን ጎድሏል ብለው ሴትዮዋ መልሰው ሰጡኝ። ሞላሁት፦ ሰበታ፣ ቅዳሜ ኅዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.